አጋሮ ላይ ክብሪቱን ያጠፋው

ፍሪጅ ጋዝ አይበላም። ይህን በሥራ ዘመኔ ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ አላህ ይወቀው፤ የሰማኝ ግን ጥቂት ሰው ነው። ጡረታ ወጥቼ ጅማ ጊንጆ ጉዱሩ ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ ቁጭ ካልኩ ወዲህ እንኳ የጎረቤት ሴቶች ከአጥሩ በላይ ብቅ እያሉ «ጋሽ ከማል፣ ፍሪጃችን ጋዝ ጨርሷል መሰለኝ፣ እስቲ ይሙሉልን» ይሉኛል። መኪና ቤንዚን እንደሚበላው፣ ፋኖስ ላምባ እንደሚጠጣው፣ ፍሪጅም ጋዝ እየበላ የሚኖር ይመስላቸዋል። አይበላም። ያው አንዱ ጋዝ ዕድሜ ልኩን በመዳብ ቱቦው ውስጥ ይዞራል፤ ፈሳሽ ይሆናል፣ ይተናል፣ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ከጎደለ ሾልኮ ወጥቷል ማለት ነው፤ ሾልኮ ከወጣ ደግሞ የሆነ ቦታ ሄዷል።

የተሸኘሁ ዕለት ባልደረቦቼ ጋቢ አልብሰው፣ ለስላሳና ዳቦ ደርድረው «በል ተናገር» ሲሉኝ ምላሴ ተሳሰረ። «አመሰግናለሁ» ብዬ ተቀመጥኩ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው ልናገረው የሚገባኝ ነገር የመጣልኝ፤ አጋሮ ላይ ከጋሽ ሄራሞ ጋር ያየነው ነገር። ጽፌ ባስቀምጠው ይሻላል ብዬ ነው ይህን የጀመርኩት።

ጋሽ ሄራሞ ሥራውን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ከከምባታ ለቀን ሥራ መጥተው ጅማ የቀሩ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጴንጤ። እኔ ደግሞ አባቴም አያቴም ጅማ ገበያ ላይ የነገዱ እስላም ነኝ። በረመዳን ቀን እሳቸው ምሳቸውን ከእኔ ተደብቀው ይበሉ ነበር፤ እኔም አይቼ እንዳላየሁ እሆን ነበር። በዚህ ጉዳይ አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም።

ጠባያቸው ረጋ ያለ ነው። ደንበኛ ሲጠራቸው ዕቃቸውን ሳያወርዱ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ «የቀድሞው ጋዝ የት ሄደ?» ጠይቀውም ዝም ብለው መልስ ይጠብቃሉ። ሰውየው ያፍራል፣ ይስቃል፣ ይናደዳል፤ እሳቸው ይጠብቃሉ። ከዚያ በኋላ በየመገጣጠሚያው ሥር ጣታቸውን እያስኬዱ ጣታቸውን በብርሃን ያያሉ። ጋዝ አይታይም፤ ሲወጣ ግን ከሞተሩ ዘይት ጥቂት ይዞ ይወጣል። ዘይት ያገኙበት ቦታ ላይ በላባ የሳሙና አረፋ ይቀባሉ። አረፋው ካበጠ ቀዳዳው እዚያ ነው። ቀዳዳው ሳይደፈን ጋዝ የሚሞላ ሠራተኛ ለእሳቸው ሌባ ነበር። ከበየዱ በኋላም ፓምፑን አስነስተው በቱቦው ውስጥ ያለው አየርና እርጥበት ሙልጭ ብሎ እስኪወጣ መዝሙር እያንጎራጎሩ ይቀመጣሉ። እኔ ስቸኩል «ከማሌ፣ ማድጋ ሳይታጠብ ወተት አይቀዳም» ይሉኛል።

ጅማ በምንሠራበት ወርክሾፕ አለቆች ብዙ ተፈራርቀውብናል። የመጀመሪያው ደረሰኝ ወዳድ ነበር፤ ያለ ደረሰኝ ሚስማር አይሰጥም። የኋለኛው ደግሞ ችኩል፤ «ሙሉትና ተመለሱ» ከሚል ቃል ሌላ ከአፉ አይወጣም። ደመወዙም ቢሆን እንደ ሌላው ሰው ደመወዝ ነው፣ ከወሩ አጋማሽ አያልፍም። እኔ ሊሙ ገነት ተመድቤ የመጠጥ ቤት ፍሪጅ ስጠግን ኖሬያለሁ፤ ደዶ ያንን ዳገት ወጥቼ ለክትባት ማስቀመጫ ፍሪጅ ቱቦ ቀይሬያለሁ። ጌራ፣ ሰቃ፣ ሸቤ፣ ያልረገጥኩት የቡና ከተማ የለም። የትም ብሄድ ጥያቄው ያው ነው፤ «ጋዝ ሙላልን»።

በመካከሉ ሙያው ተለወጠ። ስንጀምር የምንሠራበት የድሮው ጋዝ ክሎሪን ነበረበት። ሰማይ ላይ ያለውን የኦዞን ሽፋን ይበላል ተብሎ ቀረና በምትኩ እኛ «ዋን ሰርቲ ፎር» የምንለው መጣ። ጋሽ ሄራሞ ሥልጠና ሄደው ተመልሰው በከሰል ወለሉ ላይ ሥዕል ሣሉልኝ፤ ሁለት ካርቦን እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ በዙሪያቸው አራት ፍሎራይንና ሁለት ሃይድሮጅን። «ይኼው ነው» አሉኝ። «ትንሽ ነገር ነው። ፍሎራይኑ ካርቦኑን አጥብቆ ስለያዘው በቀላሉ አይነድም፣ ከሌላ ነገርም ጋር አይጣላም። ጨዋ ጋዝ ነው።»

ጨዋ ነው ማለታቸው ግን አትፍራው ማለት አልነበረም። ለጨዋም ወሰን አለው። ፈሳሹ እጅ ላይ ከፈሰሰ ወዲያው ሲተን ሥጋን እንደ እሳት ያቃጥላል፤ በግራ እጄ አመልካች ጣት ላይ ያለው ነጭ ጠባሳ የእሱ ነው። ያን ቀን ጋሽ ሄራሞ «እንዳታሸው!» ብለው ጮኸው ጣቴን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ነከሩልኝ። ሁለተኛው ነገር፣ ቀለምም ሽታም የለውም ማለት ይቻላል። ሦስተኛው፣ ከአየር ከሦስት እጥፍ በላይ ይከብዳል። ስለዚህ ሲያመልጥ ወደ ሰማይ አይሄድም። ወለል ላይ ይተኛል፣ ደረጃ ካገኘ ይወርዳል፣ ዝቅ ያለ ክፍል ካገኘ እንደ ውኃ ይጠራቀማል። መርዝ ሆኖ ሳይሆን የአየሩን ቦታ ቀምቶ ነው ሰው የሚጥለው፤ ሲበዛ ደግሞ የልብ ምትንም ያዛባል። አራተኛው የእሳት ነገር ነው። ራሱ አይነድም፤ ፍም ወይም ነበልባል ላይ ሲደርስ ግን ይሰባበርና ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል አሲድ ይሆናል። «ሸተተኝ ካሉህ ጋዙ አይደለም የሸተታቸው፣ እሳት ያገኘው ጋዝ ነው» ይሉኝ ነበር።

አሁን ወደ አጋሮ ልሂድ።

ጊዜው የቡና ወቅት ነበር። ከተማው በነጋዴ ተጨናንቋል፣ ሆቴል የሚከራይ አልጋ የለውም። ሐጂ ሙክታር የሚባሉ የሆቴል ባለቤት «ኮልድ ሩሜ አልቀዘቅዝ አለ፣ ሥጋ ሊበላሽብኝ ነው» ብለው ስልክ ደወሉ። አለቃችን «ሙሉትና ተመለሱ» አለን። በማለዳ ሚኒባስ ደረስን።

ሐጂ በር ላይ ተቀበሉን። ጋሽ ሄራሞ ዕቃቸውን ትከሻቸው ላይ እንደያዙ ጠየቁ፦

«ሐጂ፣ የቀድሞው ጋዝ የት ሄደ?»

«በላው እንጂ! አምና ነው የሞላችሁት፤ ዓመት ሙሉ ሲበላ ከርሞ ምን ይቅር?»

ጋሽ ሄራሞ መልስ እንዳላገኘ ሰው ቆመው ቀሩ። ሐጂ ተሰላችተው ወደ ጓሮ ወሰዱን።

ማሽኑ የተተከለው ከማድ ቤቱ ጀርባ ሦስት ደረጃ ወደ ታች በሚወረድበት የድንጋይ ዕቃ ቤት ውስጥ ነበር። ጠባብ ክፍል ነው። አንድ ትንሽ መስኮት አናቱ ላይ አለችው፤ እሷም ለብርድ ተብሎ በላስቲክ ተወጥራለች። ወለሉ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ፣ አንድ የመቀመጫ ዱካ፣ አንድ የከሰል ምድጃ። ጋሽ ሄራሞ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱ፣ ላስቲኩን በቢላ ቀደዱና ክፍሉ እስኪናፈስ ውጭ አስቆሙኝ። ከዚያ ገብተን ፈለግን። ቀዳዳው ብዙ አላስቸገረንም። ከታች፣ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አንዱ ቱቦ ሲንቀጠቀጥ ከማሽኑ ብረት ጋር ተፋትጎ ሳስቷል። ጣታቸውን አሳዩኝ፤ በዘይት ጠቁሯል። አረፋውን ስንቀባው አበጠ።

«አብዛኛው ጋዝ ወጥቷል» አሉ። ወለሉን፣ ዱካዋን፣ ደረጃውን አዩ። «ከዚህ ክፍል ግን መውጫ አልነበረውም። እዚህ ማነው የሚቀመጠው?»

ሐጂ «ማንም» አሉ፣ ፈጥነው። ደረጃው አናት ላይ ቆማ የነበረችው የማድ ቤት ሠራተኛ ማርታ ግን አንገቷን አቀረቀረች።

«ማንም ሽንኩርት አይልጥም» አሉ ጋሽ ሄራሞ።

«ወንድሜ፣ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» አሉ ሐጂ። «ቱቦህን ጠግን፣ ገንዘብህን ተቀበል።» ብለውን ወደ እንግዶቻቸው ሄዱ።

ማርታ ከወላይታ የመጣች፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። ሐጂ ከሄዱ በኋላ ጋሽ ሄራሞን እንደ አባት አይታቸው ነው መሰል ነገሩን አወጣችው።

ክፍሉ ውስጥ ሽንኩርት ትልጥ የነበረችው ዘሃራ የምትባል ወጣት ናት። ከጥቂት ቀናት በፊት በጠዋት ዱካዋ ላይ ጎንበስ ብላ እየላጠች ሳለ ድንገት ተደፋች። ማርታ ጮኸች። ሰው ተሰበሰበ። በአገራችን ሰው ወድቆ ሲንፈራገጥ ሲያዩ የሚጥል በሽታ ነው ብለው ክብሪት ጭረው አፍንጫው ሥር ያሸትቱታል። ያን ጊዜም «ክብሪት! ክብሪት!» ተባለ። ክብሪቱን ይዞ የወረደው ሻፊ ነው። ሻፊ የሆቴሉ ዕቃ ገዢ ነው፤ ለዘሃራም እጮኛዋ ነው። ቡናው ሲያልቅ ኒካቸው ሊታሰር ቀን ተቆርጦ ነበር።

«ተንበርክኮ ጫረ» አለች ማርታ። «ጫፉ ብልጭ አለና ጠፋ። ደግሞ ጫረ፤ ብልጭ ብሎ እንጨቱን ሳይዝ ጠፋ። ሦስተኛም እንዲሁ። ፊቱ አመድ መሰለ። ራሱን ይዞ ተነሣና ‹ጂኒ ነው! ጂኒው ነው የሚያጠፋብኝ!› ብሎ ጮኾ በዚህ ደረጃ ወጥቶ ሮጠ። ደረጃው ላይ የነበረውም ሰው ተከትሎት ሮጠ።»

«እሷስ?» አልኳት።

«እሷማ እዚያው ወድቃ ነበር። እኔም ፈርቼ ነበር ጋሼ፣ ምን እዋሻለሁ። በኢየሱስ ስም ብዬ ትንፋሼን ይዤ ወረድኩና በሁለት እጇ ይዤ ጎተትኳት። ውጭ ሳወጣት ትንሽ ቆይታ ዓይኗን ገለጠች። ‹ምን ሆኜ ነው?› አለችኝ።»

ጋሽ ሄራሞ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። «ከሰሉስ?» አሉ። «ያን ሰሞን እዚህ ምድጃ ውስጥ ከሰል ይያያዝላችሁ ነበር?»

«እምቢ ይለን ነበር! ቢያያዝም ዓይናችንንና ጉሮሯችንን ያቃጥለን ነበር። እርጥብ ከሰል ነው የሸጡልን እያልን ነጋዴዋን ስንረግም ነበር።»

ከዚያ ወዲያ የሚጠየቅ አልነበረም። ወሬው ግን እኛን አልጠበቀም። በወደቀችበት ዕለት ከቀትር በፊት አጋሮ ሙሉ የዘሃራን ጂኒ ሰምቶ ነበር። ሐጂ «ለጊዜው ቤትሽ ሁኚ» ብለው አሰናበቷት። የሻፊ አባት፣ አባ ዱራ የሚባሉ በአካባቢው የተከበሩ ባለ ቡና ሽማግሌ፣ ኒካው ይቆይ አሉ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገሩን ሊቆርጡት የቀጠሩት እኛ በደረስንበት ዕለት ከሰዓት ነበር። ጂኒ ያጫት ሴት ከተባለች አጋሮ ውስጥ ሥራም ባልም ሰላምታም አይኖራትም፤ ይህን ለማወቅ ሽማግሌ መሆን አያስፈልግም።

ዘሃራ ወደምትኖርበት አክስቷ ቤት ሄድን። ዘሃራ ራሷ በሩን ከፈተች። ቀጭን፣ ንቁ ዓይን ያላት፣ አሥረኛ ክፍል ተምራ ያቆመች ልጅ ናት። ጋሽ ሄራሞ ስለ ጋዙ ቀስ ብለው አስረዷት። አላቋረጠቻቸውም። ሲጨርሱ፦

«ጋሼ፣ ታዲያ በሽታ የለብኝም?»

«ልጄ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ክብሪት የሚያጠፋ በሽታ አላውቅም።»

አክስቷ «አልሐምዱሊላህ!» ብለው እልል ሊሉ ከጀላቸው። ዘሃራ ግን አልሳቀችም። «ለእኔማ ነገራችሁኝ» አለች። «እኔ ድሮም ጂኒ እንደሌለብኝ አውቃለሁ። ለእነሱ ንገሩልኝ እንጂ።»

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ በሆቴሉ ግቢ፣ በሰፊው በረንዳ ላይ ተቀመጡ። አባ ዱራ መሐል ናቸው፤ ነጭ ኮፍያ፣ በእጃቸው ዱዓ የሚቆጥሩበት ሙስበሃ። ሻፊ ከኋላቸው ቆሟል። ዘሃራ ከአክስቷ ጎን ሻሿን ወደ ፊት ስባ ተቀምጣለች። ጋሽ ሄራሞ ለመናገር ፈቃድ ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸው። ከማሽኑ ውስጥ የቀረውን ጋዝ ለጥገናው ብለን በሲሊንደር ሰብስበነው ነበር። ባልዲ አስመጣን፣ ባልዲው ውስጥ ሻማ አቆምን፣ አበራነው። «አሁን የማይታይ ነገር እጨምርበታለሁ፣ ሻማውም ይጠፋል» አሉ ጋሽ ሄራሞ። ሰዉ አንገቱን አሰገገ። እኔም ልቤ ሞልቶ ነበር። ወርክሾፕ ውስጥ ስናደርገው አይቻለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ስቶ አያውቅም።

ጋዙን በቀስታ ለቀቁት። ሻማው ተወዛወዘ፣ ዝቅ አለ፤ «ይኸው!» ልል አፌን ስከፍት ከግቢው በር በኩል ነፋስ መጣ፣ ባልዲው ውስጥ ገብቶ ወጣ፤ ሻማውም ቀና ብሎ ነደደ። ጋሽ ሄራሞ ጨመሩበት። ነፋሱም ጨመረ። ሻማው ይሽኮረመማል እንጂ አይጠፋም። ከኋላ አንዱ ጎረምሳ «ጂኒው ጴንጤ ሰው አይወድም መሰለኝ» አለና በረንዳው በሳቅ አውካካ። ሐጂ ሙክታር እንኳ ሳቁ። ዘሃራ አልሳቀችም፤ ሻማውን ብቻ ትኩር ብላ ታይ ነበር።

አባ ዱራ እጃቸውን አንሥተው ሳቁን አስቆሙ። «ኤዬ፣ ወንድሜ ሥራህን አከብራለሁ» አሉ። «ግን ሻማዋ ይኸው እየበራች ነው። ምን ትለኛለህ?» ጋሽ ሄራሞ ሲሊንደሩን ዘጉ። ሽማግሌዎቹ ጥቂት ተንሾካሾኩና ለዘሃራ የተሰጠው ጥሎሽ በማግስቱ እንዲመለስ ተባለ። አክስቷ አለቀሱ። ያን ያህል ዓመት ስሠራ ብዙ ማሽን አቅቶኛል፣ ብየዳ ተበላሽቶብኛል፣ በደንበኛ ተሰድቤያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ አላውቅም። ሳናስረዳላት ብንቀር ይሻላት ነበር። አሁን ጂኒው በምስክር ጸደቀባት።

ማታ በተኛንበት ቤት እኔ ነፋሱን ስረግም ጋሽ ሄራሞ ባልዲውን አጥበው ደፍተው ተቀመጡ።

«ነፋሱ ምን አጠፋ?» አሉ። «እኔ ነኝ ቦታውን የሳትኩት። ልጅቷ በረንዳ ላይ አልወደቀችም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል፤ እኔ ከቅርንጫፉ ጀመርኩ። እዚያው ክፍል ውስጥ ነው መታየት ያለበት።»

«ሐጂ አይፈቅዱም።»

«እሳቸውን ለእኔ ተውልኝ።»

በጠዋት ሐጂን ሒሳብ ክፍላቸው አገኘናቸው። ገና ስንጀምር ተቆጡ። «ሆቴሌ ሰው በጋዝ ይገድላል እንዲባል ነው? ልታደኸዩኝ ነው የመጣችሁት?»

ጋሽ ሄራሞ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ሐጂ፣ ትናንት ስንት እንግዳ ወጣ?»

የሊሙ ነጋዴዎች በሙሉ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ሌላ ቤት ሲሄዱ በዓይናችን አይተናል።

«ቱቦው የተበሳ ሆቴል ዛሬውኑ ይጠገናል» አሉ ጋሽ ሄራሞ። «ጂኒ ያለበት ሆቴል ግን በማን ይጠገናል? እኔ የጂኒ መለዋወጫ የለኝም።»

ሐጂ ሙክታር ጢማቸውን ብዙ አሹ። ከዚያ ራሳቸው ሰው ልከው አባ ዱራን አስጠሩ።

ሽማግሌዎቹ ጥሎሹን ሊቀበሉ ወደ አክስቷ ቤት መንገድ ጀምረው ነበርና ሁሉም አብረው መጡ፤ ዘሃራና አክስቷም፣ ሻፊም። ጋሽ ሄራሞ መስኮቷን መልሰን በላስቲክ እንድንወጥራት አዘዙኝ። የሲሊንደሩን ጎማ ከደረጃው ላይ ወደ ወለሉ ዘርግተን የተረፈውን ጋዝ፣ ልንሞላ ካመጣነው አዲስ ጋዝ ጥቂት ጨምረን፣ በቀስታ ለቀቅነው። እንዲያ መልቀቁ ይከነክናቸው ነበር፤ ኦዞኑን ባይነካም ምድርን ያሞቃል ብለው ጠብታ የማያባክኑ ሰው ናቸው። «ለአንዲት ሰው ስም ይህን ያህል ይፈቀድልን» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረው «ከደፉ አልፎ የሚወርድ ሰው አይኑር። ሕፃን አይቅረብ። ሻማውም ሲጠፋ ወዲያው ወደ ላይ ይሳባል» ብለው አስጠነቀቁ።

ቡና ሲለቀም ቅርንጫፍ የሚጎተትበት ረጅም ቆልማማ እንጨት ነበር። ጫፉ ላይ ሻማ አሰርኩ። ላወርደው ስል ዘሃራ እጇን ዘረጋች።

«ለእኔ ስጠኝ።»

ጋሽ ሄራሞን አየሁ፤ ራሳቸውን ነቅንቀው እሺ አሉኝ። ዘሃራ ደፉ ላይ ቆማ ሻማውን ቀስ እያደረገች አወረደችው። የመጀመሪያው ደረጃ ላይ በደንብ ይነዳል። ሁለተኛው ላይ ነበልባሉ ሰለለ። ከዱካዋ ከፍ ብሎ፣ ልክ ተቀምጦ የሚያጎነብስ ሰው ፊት የሚሆንበት ላይ ሲደርስ፣ ማንም ሳይነካው እልም አለ። ጭሱ ወደ ላይ አልወጣም፤ በዚያው ከፍታ ላይ በክፍሉ ሙሉ ተነጠፈ፣ ጠዋት ጠዋት ወንዝ ላይ እንደሚተኛ ጉም። ውኃውን አናይም፣ ጭሱ ግን ዳርቻውን አሳየን። ማንም አልሳቀም።

ዘሃራ እንጨቱን ስባ ሻማውን አበራችና ደግማ አወረደችው። እዚያው ቦታ ላይ ጠፋ።

አባ ዱራ ወደ ፊት መጡ። «በእኔ ክብሪት» አሉ፤ ከኪሳቸው አውጥተው ሻማውን ራሳቸው ለኮሱት። ከዚያ ያልጠበቅነውን ነገር አደረጉ። ሻማውን በእጃቸው ከልለው «አዑዙ ቢላሂ ሚነሸይጣኒ ረጂም፤ ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም» ብለው ጀመሩና የቁርኣኑን አያተል ኩርሲይን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዝግታ አነበቡበት። ሽማግሌዎቹ «አሚን» አሉ። እኔም አልኩ። ማርታ ከማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ እጇን አጣምራለች። ዘሃራ አወረደችው። እዚያው ቦታ ላይ ጠፋ።

አባ ዱራ ሙስበሃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«ሱብሃነላህ» አሉ። «ጂኒ የአላህን ቃል ሲሰማ ይሸሻል። አባቶቻችን ያስተማሩን ይህንን ነው፣ እኛም ለልጆቻችን ያስተማርነው ይህንን ነው። ይህ ነገር ግን አልሸሸም። ስለዚህ ጂኒ አይደለም። ዕቃ ነው፤ እንደ ውኃ፣ እንደ ጭስ ያለ ዕቃ። ልጅቷ ንጹሕ ናት።»

ጋሽ ሄራሞ ከዚያ የተሻለ ማስረጃ ከየትኛውም ሥልጠና ይዘው አልመጡም ነበር፤ ፊታቸው ላይ አየሁት። አክስቷ እልል አሉ። ሐጂ ሙክታር «ዘሃራ፣ ሥራሽ ላይ ነሽ፤ ማሽኑንም ከዚህ አወጣዋለሁ፣ ወላሂ!» እያሉ ይምላሉ። አባ ዱራ ፈገግ ብለው ሻፊን ከኋላቸው በክንዱ ይዘው ወደ ፊት አመጡት።

«እንግዲህ ኒካው በተባለው ቀን ይሆናል፣ ኢንሻአላህ» አሉ። «ልጄ ዘሃራ፣ ተበድለሻል። ይቅር በይን።»

ዘሃራ እንጨቱን ግድግዳው ላይ አስደገፈችው።

«አባ ዱራ፣ እርስዎን ይቅር ብያለሁ፤ አላህም ያክብርዎት» አለች። «የተናገሩትም እውነት ነው። ይህ ነገር አልሸሸም። የሸሸው ሻፊ ነው።»

ሻፊ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። አባ ዱራ ወደ ልጃቸው ዞረው መልስ እንዲሰጥ ብዙ ጠበቁት። አልሰጠም። ያን ጊዜ ክንዱን ለቀቁትና ወደ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ።

«የልጅቷን ቃል ሰምታችኋል» አሉ። «ኒካው ፈርሷል፤ የሰጠናት ጥሎሽ ግን እሷው ዘንድ ይቅር። ካሳዋ ነው።»